ፎገራ ላይ ዝንብ የሠራው ባሌ

ሥራ ከሚሠራ ባል ይልቅ ሥራ የፈታ ባል ቤት ያደክማል። የሚሠራው ማታ ዝሎ ይመጣል፣ የቀረበለትን ይበላል፣ ይተኛል፤ እሱም ያርፋል፣ ቤቱም ያርፋል። ሥራ የፈታው ግን ጥበብ ይፈልጋል... ጥበብ የፈለገ ወንድ ደግሞ መጀመሪያ የሚከፍተው የሚስቱን መሳቢያ ነው። ወንዶች አንባቢዎቼ፣ ፊታችሁን አታጥቁሩብኝ፤ እናንተን አላልኩም። የራሴን ነው የማማው። ባልን ማማት ነውር ነው የምትይ እህቴ ካለሽ ደግሞ፣ ባልሽ ዝንብ እስኪሠራ ጠብቂና ያኔ እንነጋገራለን።

አዎ፣ ዝንብ። በትክክል አንብባችኋል። ባሌ ዝንብ ሠርቷል፤ በእጁ። ያውም የት? ፎገራ ላይ! ከብቱ ከሰው በሚበዛበት፣ ዝንቡ ከከብቱ በሚበዛበት አገር፣ ሰው ሰላምታውን ሳይጨርስ አንዱ ዝንብ ገብቶ ጉሮሮውን በሚጎበኝበት ሜዳ ላይ ቁጭ ብሎ፣ ያሉት አልበቁ ብለውት ሌላ ዝንብ ጨምሯል።

ነገሩን ከሥሩ ላውጋችሁ።

ዘመኑ የደርግ ነው፤ እኛ ያለነው እዚያው ፎገራ፣ ወረታ ከተማ። እኔ በረንዳዬ ላይ የስፌት መኪናዬን አቁሜ ቀሚስ እሰፋለሁ፣ ጥልፍ እጠልፋለሁ። ባሌ ታደለ የእርሻ መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ነው። ሥራው ምንድን ነው ብትሉኝ፣ መናገር ነው። በየገበሬ ማኅበሩ እየዞረ ስብሰባ ላይ ይናገራል። ማዳበሪያ ሲመጣ ስለ ማዳበሪያ፣ ክትባት ሲመጣ ስለ ክትባት፣ ምንም ሳይመጣ ሲቀር ደግሞ ወደፊት ስለሚመጣው ይናገራል። ክረምት ሲገባ ግን ሜዳው ላይ ውሃ ይተኛል፣ መንገድ ይዘጋል፣ ስብሰባ ይቀራል። ታደለ ሥራ ይፈታል፤ የእኔ መከራ ይጀምራል።

ይኸን ሰው ያበላሸው አንድ ጊዜ ልክ መሆኑ ነው። ሩዝ ለአገራችን አዲስ በነበረ ጊዜ፣ ውሃ የሚተኛበት ጭቃ ላይ እህል ይበቅላል እያለ ሲሰብክ ሰው ሁሉ ሳቀበት። እኔም ሳቅሁ። ሩዙ በቀለ! እስኪ አስቡት፤ ባል በሕይወቱ አንድ ቀን ልክ ሲሆን፣ ያውም አገር በሞላ ስቆበት ልክ ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ ምን አፍ ይመልሰዋል? ሰው በሳቀበት ቁጥር ልክ የሆነ ይመስለው ጀመር። ጭራሽ የሚስቅበት ሰው ካላገኘ ሐሳቡን ይጠራጠራል።

እንዲህ ባለበት ነው አዲሱ ኃላፊ የመጣው። ከወደ ባሌ የተዛወረ፣ ሰፊ ባርኔጣ የሚያደርግ፣ "ጓድ" ሲሉት ደረቱን የሚነፋ ሰውዬ። እዚህ ላይ ልብ አድርጉልኝ፤ ባሌን ያበላሸብኝ ባሌ ነው። የመጀመሪያው ባሌ ታደለ ነው፣ ሁለተኛው ባሌ አገሩ ነው። ከባሌ የመጣው ሰው ባሌን ይዞብኝ ሄደ፤ እኔ ያለ ባሌም፣ ባሌንም ሳላይ ቀረሁ።

ጓዱ ተራራው ላይ ስላለ አንድ ወንዝ አወራለት። ውሃው እንደ ብርጭቆ የጠራ፣ ብርዱ እጅ የሚያደነዝዝ ነው አለ። እዚያ ውስጥ ፈረንጆች ድሮ አምጥተው የለቀቁት ትራውት የሚባል ዓሣ አለ፤ ገላው እንደ ነብር ነጠብጣብ ነው። ኩራቱ አይጣል ነው። ትል ቢሰጡት አይበላም፣ ሊጥ ቢሰጡት አይበላም፤ ውሃው ላይ የምታርፍ ዝንብ ብቻ ነው የሚያምረው። ስለዚህ ሊይዘው የፈለገ ሰው መንጠቆ ላይ ላባና ክር ይጠመጥምና ዝንብ ያስመስላል። ከዚያ በረጅም ዘንግና በረጅም ክር ወደ ፊት ወደ ኋላ እያወናጨፈ፣ ዝንቧ ውሃው ላይ ቀስ ብላ እንድታርፍ ያደርጋል። ዓሣው ተታሎ ይውጣታል።

ልብ በሉ፣ ይኸን ሁሉ የሚያደርጉት ርቧቸው አይደለም። ጓዱ እንዳወራው አንዳንዶቹ ፈረንጆች ዓሣውን ከያዙ በኋላ ስመው መልሰው ይለቁታል። ይኸን ስሰማ የያዝኩት መርፌ ከእጄ ወደቀ። በዚያ ዘመን ይዞ የሚለቅ ሰው አይተን አናውቅማ!

እኛ ዘንድ ዓሣ እንደዚህ አያደክምም። የጉማራ ወንዝ ዳር ሰው ዓሣ ሲያምረው የብርብራ ፍሬ ወቅጦ ውሃው ላይ ይበትናል፤ ዓሣው ሰክሮ ሲንሳፈፍ ይለቅመዋል፤ አለቀ። ታደለ ግን ብርብራ ሲባል እንደ ነውር ቆጥሮ ከንፈሩን ይመጥጣል። ጨዋታው የታል ይለኛል። ጥበቡ ዓሣውን በክብር ማታለሉ ላይ ነው ይለኛል። ዓሣው በክብር እየተታለለ መሆኑን በምን ያውቃል ብዬ ጠየቅሁት። ጉማራ ውስጥ ደግሞ ትራውት የለም አልኩት። የለም፣ ግን ዘመድ አያጣም አለኝ።

ጓዱ ብዙ አልቆየም። አንድ ቀን ተጠራና ሄደ፤ ወዴት ተብሎ የሚጠየቅበት ጊዜ አልነበረም። ሲሄድ ይዞት የመጣውን የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ እስክመለስ ያዝልኝ ብሎ ለታደለ በአደራ ተወለት። ምነው ይዞት በሄደ! ዘንጉ ሲፈታ ክንድ የማያህል፣ ሲገጣጠም ከቤታችን ጣራ የሚበልጥ፣ ጫፉ እንደ ሣር የሚርገፈገፍ ነገር ነው። ከሥሩ ክሩ የሚጠቀለልበት ማጠንጠኛ አለበት፤ ክሩ ሲሳብ እንደ ፌንጣ ይጮኻል። ታደለ በአደራው ቀለደ አይባልም። ጠዋት ጠዋት በቅባት ያሸዋል። እኔን ወገቤን ሲያመኝ አሽቶኝ አያውቅም።

ከዘንጉ ጋር ግን ዝንብ አልመጣም። ዝንቡን መሥራት የታደለ ፋንታ ሆነ።

ለዘመን መለወጫ ብዬ የማደልበው አንድ ገብስማ አውራ ዶሮ ነበረኝ። ከአንገቱ ላይ ያለው ላባ ነጭና ጥቁር እየተቀላቀለ የሚያምር፣ ሲራመድ ሹመት የተሰጠው የሚመስል ዶሮ። አንድ ቀን ከገበያ ስመለስ ዶሮዬን አየሁትና አላወቅሁትም። አንገቱ ተልጧል። የለበሰውን ሻርፕ የተነጠቀ መንገደኛ መስሏል። ታደለን ብጠይቀው ለዝንብ ክንፍ ገብስማ የሚያክል የለም አለኝ፤ እንደ ምሥራች። ዶሮው ከዚያ ቀን ጀምሮ መጮኹን ተወ። አፍሮ ነው። እኔም እሱን ሳይ ስለማፍር ሁለታችንም እየተሸሻሽን ዋልን። ክሩስ ከየት መጣ አትሉም? ከጥልፌ ነው። ለደምበኛ ቀሚስ ያስቀመጥኩት ሐር፣ ቀዩም ቢጫውም፣ መንጠቆ ላይ ተጠምጥሞ አገኘሁት።

አሁን ዋናው ነገር ይመጣል፤ ቀረብ በሉኝ።

ስመኝ የምትባል ታናሽ እህት አለችኝ። እናት አባታችን ሲሞቱ በእኔ እጅ ያደገች ናት። እሷን ለልጃቸው የጠየቁ አንድ የቁሐር ሚካኤል ሰው ነበሩ፤ አያ ውቤ ይባላሉ። ደህና ከብት ያላቸው፣ ቃላቸው የማይታጠፍ ገበሬ ናቸው። ልጁን ስመኝ አይታዋለች፤ አይታው ደግሞ ፊቷን አላዞረችም። እንዲያውም ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ጫማዋ ውስጥ ጠጠር የሚገባው ሁልጊዜ እሱ ባለበት አካባቢ ነው። ሽማግሌ አንዴ መጥቶ ሄዷል። ከፍልሰታ ፍቺ በኋላ ተመልሰው ነገሩን ሊቆርጡ ቀጠሮ ተይዟል። ለእኔ ይኸ ቀልድ አልነበረም። እናቴ ስትሞት የተወችልኝ አንድ ነገር ቢኖር ይኸች ልጅ ናት። እሷን ለደህና ቤት መዳር አለብኝ።

ችግሩ ታደለ ቁሐር ሰዎች ዘንድ የታወቀ መሆኑ ነው። በግንቦት ሄዶ ስለ ገንዲ አስተምሯቸዋል፤ ያ ከብት አክስቶ የሚጨርሰው በሽታ። ዝንብ ነው የሚያስተላልፈው አላቸው። ታደለ ነገር ሲያስረዳ በልክ አያውቅም፤ የስብሰባው ሞቅታ ያዘውና "የከብታችሁ ጠላት ዝንብ ነው! ዝንብ ደም መጣጭ ነው! ዝንብ ፀረ ሕዝብ ነው!" ብሎ እጁን ወደ ላይ አነሳ። ሰውም እጁን አነሳ። ዝንብ ይውደም ተባለ። ዝንቦቹም እዚያው ነበሩ፤ በጭብጨባው ጥቂት ተነስተው መልሰው አረፉ።

ወደ ነሐሴ ልመልሳችሁ። አንድ ጠዋት ጎረቤቴ እትዬ ብርቄ ወንፊት ልትዋስ ገባች። እትዬ ብርቄ ደግ ሴት ናት፤ አንድ ነገር ሰምታ ሳትናገር የዋለችበት ቀን ግን አልተፈጠረም። ታደለ ጠረጴዛው ላይ አቀርቅሮ፣ ምላሱን ከከንፈሩ ጥግ አውጥቶ ላባ ይጠመጥማል። ምን እየሠራህ ነው አለችው። ቀና እንኳ ሳይል ዝንብ አላት። እሷም ቀልድ መስሏት ለምንህ ነው አለችው። እሱ ደግሞ፣ ይኸው በቆርቆሮ አጠራቅሜያለሁ፣ ቅዳሜ ጉማራ ወርጄ እለቃቸዋለሁ አላት። እኔ ከጓዳ ሮጬ ስደርስ እትዬ ብርቄ የለችም። ወንፊቱም አልተወሰደም።

ከዚያ ወሬው እግር አወጣ። እኛ ሰፈር "ታደለ ዝንብ ይሠራል" የነበረው፣ ገበያ ሲደርስ "መንግሥት ታደለን ዝንብ ያሠራዋል" ሆነ። ቁሐር ሲደርስ ደግሞ "ያ በስብሰባ ላይ ዝንብ ጠላታችሁ ነው ያለን ሰውዬ ቤቱ ውስጥ ይፈለፍላል፣ ቅዳሜ በእኛ በኩል ሊለቀው ነው" ሆኖ ደረሰ። እስኪ ፍረዱ፤ የቁሐር ሰው ምን አጠፋ? ሰውየው በአፉ የተናገረውን ነው ገጣጥመው ያሰቡት። እኔ እንኳ ሚስቱ ባልሆን እሱን አላምነውም ነበር። ሚስቱ ሆኜም አላምነውም።

በቀጠሮው ቀን፣ ዓርብ ዕለት፣ ሽማግሌዎቹ መጡ። አያ ውቤ ራሳቸው አብረው መጡ። የልጁ አባት ራሱ ከሽማግሌ ጋር ሲመጣ ደግ አይደለም። ከእሳቸው ጋር የቁሐሩ መሪጌታ ይትባረክ አሉ፤ የኔታ እንላቸዋለን፤ መቋሚያቸውን ተደግፈው ገቡ። ተቀመጡ። ያቀረብኩትን ጠላ ይዘው አልጠጡም። ያልተጠጣ ጠላ ሳይ ስመኝን አየኋት፤ የጓዳውን መጋረጃ ይዛ ቆማለች።

የኔታ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ልጅቱ ደግ ናት፣ ዘሯ ደግ ነው፣ እጇ ባለሙያ ነው ብለው ካመሰገኑ በኋላ "ነገር ግን" አሉ። የሽማግሌ "ነገር ግን" ምን ያህል እንደሚረዝም የሚያውቅ ያውቀዋል።

"ታደለ ልጄ" አሉ፣ "ዝንብ ትሠራለህ አሉ።"

እኔ በዓይኔ፣ በቅንድቤ፣ በከንፈሬ፣ ባለኝ ነገር ሁሉ ካድ፣ ካድ አልኩት። እሱ ፊቱ በራ። እንደተመሰገነ ሰው አንገቱን ሰበር አድርጎ ማን ነገረዎት አላቸው።

አያ ውቤ ጠላውን አስቀመጡ። "በግንቦት መጥተህ ጠላታችሁ ዝንብ ነው አልኸን። እኛም አጨበጨብንልህ። ክረምት ሲገባ ደግሞ ጠላታችንን ቤትህ ቁጭ ብለህ ትፈለፍላለህ?"

"አይ አያ ውቤ! የእኔ ዝንብ ከብት አይነካም። ለዓሣ ነው።"

"ዓሣ ምን አደረገህ?"

ታደለ ይኸን ጥያቄ አልጠበቀም። ዝም ቢል ጥሩ ነበር፤ እሱ ግን ተነስቶ ያንን የሻይ ቅጠል ቆርቆሮ አመጣና ከፈተው። ገብስማው አለ፣ ቀዩ አለ፣ ቢጫው አለ፤ የዶሮዬ አንገትና የጥልፌ ክር ቆርቆሮ ውስጥ ተደርድሮ ሳየው ማልቀስ አማረኝ። የኔታ አንዱን አነሱና ወደ ብርሃን አቅርበው አገላበጡት። ወዲያው አውራ ጣታቸውን መልሰው አዩት፤ አንዲት የደም ጠብታ ወጥታለች።

"ይነክሳል" አሉ፣ በእርጋታ።

ታደለ ላብ አጠመቀው። እሱ መንጠቆው ነው፣ ዝንቡ አይደለም ብሎ አስረዳ። ስለ ባሌ ወንዝ አስረዳ፣ ስለ ትራውት አስረዳ፣ ፈረንጆች ስመው ስለሚለቁት ዓሣ አስረዳ። ባስረዳ ቁጥር የሽማግሌዎቹ ፊት ጠቆረ። ከብት ያለው ሰው፣ ዓሣ ስሞ የሚለቅ ሰው አለ ሲሉት ምን ያስብ? በመጨረሻ፣ ነገ ጉማራ እንውረድና በዓይናችሁ እዩት፣ ዓሣ ሲበላው ታያላችሁ አላቸው። ከጠረጴዛው ሥር እግሩን ረገጥኩት። የረገጥኩት ግን የጠረጴዛውን እግር ኖሯል።

"ይሁን" አሉ አያ ውቤ። "ዓሣ ከበላው የዓሣ ነው፤ ልጅቱን እንወስዳለን። ከብት ከነካ ግን፣ ከእንግዲህ ወደዚህ ቤት እግራችን አይመለስም።"

ወጥተው እንደሄዱ ስመኝ ከመጋረጃው ወጣች። አላለቀሰችም። ዓይኗን ታደለ ላይ ተክላ ቆየችና ወደ እኔ ዞር አለች። "እትዬ" አለችኝ፣ "ኑሮዬ ዓሣ አፍ ውስጥ ገባ በይኛ።"

ያን ቀን ለታደለ እራት አላቀረብኩለትም። እሱ ደግሞ አልራበውም፤ ዝንብ ሲያማርጥ አመሸ።

በማግስቱ ወደ ሐሙሲት የሚወስደውን መንገድ ይዘን ጉማራ ወረድን። ታደለ ከፊት፣ ዘንጉን ተሸክሞ፤ እኔና ስመኝ ከኋላ፣ ነጠላችንን ተከናንበን፤ አስከሬን የምንሸኝ ነው የምንመስለው። ሽማግሌዎቹ ቀድመውናል። ከእነሱ ጋር ሥራ የፈታ የቁሐር ሰው ሁሉ ወርዷል፤ የአያ ውቤ ከብትም ውሃ ሊጠጣ መጥቶ ከኋላችን ሣሩ ላይ ተበትኗል። ከከብቱ መካከል ቡሪት አለች፤ ጥቁርና ነጭ የተዥጎረጎረች፣ ጡቷ መሬት ሊነካ የደረሰ፣ አያ ውቤ ከልጆቻቸው ለይተው የማያዩዋት ላም።

ጉማራን በነሐሴ መጨረሻ ላላያችሁት ልንገራችሁ። የደጋውን አፈር ጠርጎ የሚወርድ ውሃ ነው፤ መልኩ የጠላ አተላ ነው፤ እዚያ ውስጥ ዓሣው ራሱ በዳበሳ ነው የሚሄደው። ባሌ የጥልፌን ቀይ ክር ለዓሣ ሊያሳይ የወረደው ወደዚህ ውሃ ነው። እኔ ለደምበኛ በጠራራ ፀሐይ ሳሳየው እንኳ ቀለሙ አልታይ እያላት የምትመልሰው ክር!

ቆመ። ዘንጉን ገጣጠመ። አንድ ዝንብ መርጦ አሰረ። ከዚያ ማወናጨፍ ጀመረ። ወደ ፊት፣ ወደ ኋላ፣ ወደ ፊት፣ ወደ ኋላ... ክሩ በላያችን እየተጥመዘመዘ ያፏጫል። ሰው ሁሉ አንገቱን እየሰበረ ወደ ጎን ሸሸ። ከሰብል ላይ ወፍ የሚያባርር ሰው እንኳ እንደዚያ አይወራጭም፤ ደግሞ እሱ ወፍ ያባርራል፣ ይኸኛው የሚያባርረው እንግዳ ነው።

የኔታ ወደ እኔ ጠጋ አሉና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጠየቁኝ።

"ልጄ፣ ዓሣው ያለው ከፊት ነው ከኋላ?"

"ከፊት ነው የኔታ።"

"ታዲያ ከኋላ ምን ይፈልጋል?"

ምን ልበላቸው? እኔም ያገባሁት ሰው ከኋላ ምን እንደሚፈልግ አላውቅም።

ብዙ ቆየን። ዝንቧ ውሃው ላይ ታርፋለች፣ ጎርፉ ይወስዳታል፣ ታደለ ይስባታል፣ እንደገና ያወናጭፋታል። ስመኝ የነጠላዋን ጫፍ ትጠመጥማለች፣ ትፈታለች። ታዲያ ድንገት መካከሉ ላይ አንድ ትልቅ ዓሣ ከውሃው ተወርውሮ ወጣና ቧ ብሎ ተመለሰ። ሰው ሁሉ ሆ አለ። ስመኝ ክንዴን ጨምድዳ ያዘችኝ። እኔም፣ ከዋሸሁ ይፍረድብኝ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ተስፋ አደረግሁ። አንድ ዓሣ ብቻ! ዓይኑ ያላየ፣ አእምሮው የሳተ አንድ ዓሣ ብቻ ጌታዬ አልኩ።

ታደለ ደሙ ፈላ። ከእስካሁኑ ሁሉ አርቆ ሊጥል ዘንጉን ወደ ኋላ ሳበ፤ እጁ እስኪንቋቋ ሳበ፤ ከዚያ ወደ ፊት ሲወረውር ክሩ አልመጣም። ተወጠረ።

"ያዝኩት!" አለ።

ከኋላችን ቡሪት አገሳች።

ሁላችንም ዞርን። ያልዞረ አንድ ሰው ቢኖር ታደለ ነው። እሱ ዓይኑን ጉማራ ላይ እንደተከለ፣ ክሩ በትከሻው ላይ አልፎ ወደ ኋላ ተወጥሮ፣ ማጠንጠኛው እንደ ፌንጣ እየጮኸ፣ ትልቅ ነው፣ በጣም ትልቅ ነው ይላል። ዝንቧ የላሟ ጆሮ ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ቡሪት ጆሮዋን አራገፈች፣ አልወርድ አላት፤ ጭራዋን አነሳች፣ ሩጫ ጀመረች። ክሩ አለቀ። ታደለ ወደ ኋላ ሄደ።

ልቀቀው አልኩት፣ ልቀቀው አሉት፤ እንዴት ይልቀቅ? የጓዱ አደራ ነው! መጀመሪያ በእግሩ፣ ቀጥሎ በመቀመጫው፣ ቀጥሎ በጀርባው፣ ያንን የጨቀየ ሜዳ እያረሰ ሄደ። ቡሪት ውሃ የተኛበትን ጉድጓድ በመካከሉ አቋርጣ ወጣች፤ ታደለ በመካከሉ ገባ፣ ዘንጉ ብቻ ከላይ እየታየ ተሻገረ። ከወዲያ ማዶ ክሩ ተበጠሰ። ቡሪት ቆመችና ምንም እንዳልተፈጠረ ሣር መጋጥ ጀመረች። ታደለ ጭቃ ውስጥ ተዘርግቶ ቀረ፤ ዘንጉን ደረቱ ላይ አቅፏል።

ከሕዝቡ መካከል አንዱ "ከብት ነካ" አለ። ስመኝን ማየት ፈራሁ፤ ክንዴን ለቀቀችኝ፤ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ሳበች። ሳልድራት፣ በዶሮ ላባና በቀይ ክር እህቴን አስቀረሁ አልኩ በልቤ።

አያ ውቤ ቀስ ብለው ወደ ላሚቱ ሄዱ። አንገቷን ዳበሱ፣ ጆሮዋን ይዘው ዝንቧን ነቀሉ፣ የጆሮዋን ጫፍ በጣታቸው ጠረጉላት። ቡሪት አልተንቀሳቀሰችም፤ ዝንብ ለምዳለች። ከዚያ ተመልሰው ታደለ አጠገብ ቆሙ። ቁልቁል አዩት። ብዙ አዩት። ትከሻቸው መርገፍገፍ ሲጀምር የተናደዱ መስሎኝ ዓይኔን ጨፈንኩ። ስገልጠው የኔታም መቋሚያቸውን ተደግፈው የሳቅ እንባቸውን ይጠርጋሉ።

የኔታ እንደምንም ራሳቸውን ሰበሰቡ። ቃል ተሰጥቷል፣ ዝንቡ ከብት ነክቷል፣ ሁላችንም አይተናል አሉ።

"ነክቷል" አሉ አያ ውቤ። "ግን ማን ማንን እንደጎዳ ደግሞ እናንተም አይታችኋል። እኔ የመጣሁት ከብቴን ሊፈጅ የሚችል ሰው አለ ብዬ ፈርቼ ነው። ይኸን ሰው አንዲት የምትታለብ ላም በጭቃ ላይ ጎተተችው። ይኸ ከብት ሊጨርስ?" ዝንቧን በታደለ ጭቃማ መዳፍ ላይ አስቀመጡለትና ወደ እኔ ዞሩ።

"ልጅቱን ስጡን" አሉኝ። "ዝንቡን እናንተው ያዙት።"

እልል ማለት አምሮኝ አፌን ስከፍት አንዲት ዝንብ ገባችብኝ፤ እውነተኛዋ። እየሳልኩም እያለቀስኩም ተሳለምኳቸው። ስመኝ ወደ ታደለ ሄዳ እጁን ይዛ አነሳችው፤ ደግ ልጅ ናት፣ እኔ ብሆን እስከ ጥር አላነሳውም ነበር። ታደለ አፉ ውስጥ የገባውን ጭቃ ተፋና፣ መዳፉ ላይ ያለችውን ዝንብ ትክ ብሎ አይቶ፣ ክንፏ እንኳ አልተበላሸም አለኝ።

ሠርጉ በጥር ሆነ፤ ስመኝ ይኸው ቁሐር ላይ ወልዳ ከብዳ ትኖራለች። አያ ውቤ ቃላቸውን አላጠፉም። አንድ ደንብ ብቻ አወጡ። በየሰው ቤት እንግዳ ሲመጣ ውሻ ይታሰራል፤ እህቴ ቤት ግን ታደለ ሲመጣ የምትታሰረው ላሚቱ ናት።